ለንጉሥ ሕግ የጻፉት ሰው፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ ማቅረብ የቆየ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ የመጻፉ ተራ ለኛ ደረሰንና ስለ ማን እንጻፍ ብለን ብዙ ተመካከርን። በመጨረሻ አሳባችን በአንድ ሰው ላይ ረጋ። ለምን በእሳቸው ላይ እንደረጋ ለመናገር መጀመሪያ የራሳችንን ጉድ ማውጣት ሊኖርብን ነው።

እንደምታስታውሱት ዘንድሮ የቅሬያችን መተዳደሪያ ደንብ እንዲሻሻል ጠቅላላ ጉባኤው ወስኖ፣ ረቂቁን የመጻፍ ሥራ ለእኛ ሰጠን። ጻፍንም። ቀብር የቀረ ይህን ያህል ይቀጣል፣ ድንኳን ሲተከል ያልተገኘ ይህን ያህል ይከፍላል፣ መዋጮ ሦስት ወር ያሳለፈ እንዲህ ይደረጋል እያልን ሁሉንም በየአንቀጹ አስቀመጥን። ረቂቁ ሲነበብ ግን አንዲት እናታችን ከኋላ ተነሥተው፣ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ ሲቀሩስ ማን ይቀጣቸዋል ብለው ጠየቁ። መልስ አጣን። ረስተነው ነው ብለን ለማለፍ ሞከርን። እውነቱ ግን አልረሳነውም ነበር፤ ይሉኝታ ይዞን ነው የዘለልነው። አብሮን ቡና የሚጠጣን ዳኛ በደንብ ማሰር ከብዶን ነው።

ቤታችን ገብተን ስናስበው፣ በትንሿ ቅሬ እኛን ያስጨነቀን ነገር በትልቋ አገር ላይ አንድን ሰው እንዴት አስጨንቆት ይሆን አልን። ለንጉሥ ሕግ ጻፍ የተባለ ሰው፣ ንጉሡንም የሚያስር ሕግ ይጽፋል ወይስ ዘልሎ ያልፋል? ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይህ ጥያቄ የገጠማቸው ሰው ናቸው።

በሌላው ዓለም ሕግ አውጪ የሚሆነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥብቅና ያለፈ ነው። በአሜሪካን አገር አብርሃም ሊንከን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በኢሊኖይ ከአንዱ ችሎት ወደ ሌላው እየዞረ የሰው ጉዳይ ይሟገት የነበረ ጠበቃ ነው፤ በምክር ቤትም ተቀምጦ ሕግ አውጥቷል። በኛ አገርስ? ሙግት እንኳ ሞልቶናል፤ በላ ልበልሃ ብሎ መንገደኛውን ዳኛ አድርጎ መሟገት የአባቶቻችን ጨዋታም ቁም ነገርም ነበር። ፍትሐ ነገሥት ነበረ። በወሎም አበጋሮች ደም ያደርቃሉ፣ የተቀያየመን ያስታርቃሉ። የሕግ ትምህርት ቤት ግን አልነበረም፤ የሕግ ፋኩልቲ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ሕገ መንግሥት ይጻፍ በተባለ ጊዜ ሥራው የወደቀው በጠበቃ ላይ ሳይሆን በአንድ የመድፈኛ መኮንን ላይ ነበር።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ በሰያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። የአድዋ ጦርነት ሲነሣ 12 ዓመት አልሞላቸውም፤ ቢሆንም ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር አብረው ዘመቱ። ያን ጊዜ የአጼ ምኒልክ ጦር ወረኢሉ ላይ ተሰብስቦ ወሎን እያቋረጠ ነው ወደ ሰሜን ያለፈው፤ የወሎው ራስ ሚካኤልም ፈረሰኞቻቸውን ይዘው አድዋ ላይ ነበሩ። እንግዲህ የዚያ ዘመቻ ነገር ለኛም ሩቅ አይደለም።

ከድሉ በኋላ የሩሲያ ሰዎች ከኢትዮጵያ ጋር ያላቸው ወዳጅነት ጠነከረ። ሌዎንቲየፍ የሚባለው ሩሲያዊ ወደ አገሩ ሲመለስ ልጁን ተክለ ሐዋርያትን ይዟቸው ሄደ። በዚያ በአንድ መኮንን ቤተሰብ ዘንድ እንደ ልጅ ተቆጥረው አደጉ፤ ቋንቋውን ለመዱ፣ በፒተርስበርግ ሚካኤሎቭስካያ በተባለው የመድፈኛ ትምህርት ቤት ተምረው መኮንን ሆኑ። ለመሆኑ አሥራ ሁለት ዓመት የሆነው የሰያደብር ልጅ በዚያ በረዶ አገር፣ አማርኛ የሚናገር በሌለበት፣ እንዴት አድርጎ ነው የኖረው? ልጁን ወደ ዓረብ አገር የላከ ወላጅ በመካከላችን ብዙ ስላለ፣ ይህን ማሰብ ለኛ አይከብድም።

እሳቸው በሩሲያ ሳሉ ሁለት ታላላቅ ነገሮች ሆኑ። አንደኛ፣ በ1897 ዓ.ም. ትንሿ ጃፓን ታላቋን ሩሲያ በባሕርም በየብስም ድል አደረገች። ሁለተኛ፣ በሽንፈቱ የተቆጣው ሕዝብ ስለተነሣ የሩሲያው ንጉሥ ሳይወድ በግድ ምክር ቤት እንዲቋቋም ፈቀደ፤ ምክር ቤቱም በ1898 ዓ.ም. ተከፈተ። እንግዲህ ተክለ ሐዋርያት በወጣትነታቸው የኖሩባት አገር፣ ኋላ ቀር ስትባል የነበረች የእስያ አገር እንዴት እንደምትነሣ፣ ሕግ የማያውቅ ንጉሥም እንዴት እንደሚንገዳገድ ያሳየች አገር ናት።

ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው አገራቸው ገቡ። ብዙ ሳይቆዩ ደግሞ ወደ ፈረንሳይና ወደ እንግሊዝ ተሻግረው የእርሻ ትምህርት ተማሩ። በሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ጎን ለምንኖር ለኛ ይህ ነገር ደስ ይለናል፤ መድፍ የተማረ ሰው ተመልሶ ስለ ዘርና ስለ አፈር ልማር ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን የወሎ ሰው ሆነን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከዙፋን ለማውረድ ከተነሡት ጋር ተክለ ሐዋርያት ነበሩበት። ልጅ ኢያሱ የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዙፋን ለመመለስ የወሎን ጦር ይዘው ወረዱና ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። በዚያ ሜዳ ስንት የወሎ ልጅ እንደቀረ፣ ስንት ቤት ያለ ቀብር ለቅሶ እንደተቀመጠ አያቶቻችን ሲያወሩ ሰምተናል። ስለዚህ እኚህን ሰው የምናወሳቸው የኛ ወገን ስለነበሩ አይደለም። በዚያ ቀን በሌላው ወገን ነበሩ። ሆኖም የሰውን ሥራ በወገን ብቻ ከለካን ከታሪክ የምንማረው ነገር አይኖርም።

አዲሱ መንግሥት ከቆመ በኋላም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ፋቡላ የተባለውን ቲያትር ጻፉ፤ በአማርኛ ከተጻፉት ቲያትሮች የመጀመሪያው ይኸው ነው። አውሬዎችን እያናገሩ የሹማምንቱን ስንፍናና ጉቦኝነት ይነቅፋሉ። መኳንንቱ ተሰብስበው ካዩት በኋላ አውሬው ማን እንደሆነ አልጠፋቸውም፤ ቲያትሩ ተከለከለ። ይህን ልብ በሉ። በጨዋታ መልክ የተናገሩት እውነት ተዘጋባቸው። ከዚያ ወዲያ እውነቱን በሥራና በሕግ መልክ ለመናገር ሞከሩ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነው ሲሾሙ አሰበ ተፈሪን፣ ዛሬ ጭሮ የምንላትን ከተማ ቆረቆሩ። አገሩን ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን ብለው በተጻፈ ሥርዓት ያስተዳድሩት ጀመር። ገዥ ባሰኘው ጊዜ ያሰኘውን የሚያስከፍልበት ዘመን ላይ፣ ግብርና ዳኝነት በደንብ ይመራ ማለት እንግዳ ነገር ነበር። ኋላም በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. የኛው የየጁ ሰው ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ላይ ወደቁ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ወዲያው አረፉ። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ጫኑ። አዲሱ ንጉሥ አገራቸው በዓለም ፊት የሠለጠነ ሥርዓት ያላት ሆና እንድትታይ ይፈልጉ ነበር፤ የአገሩንም ሥልጣን ከየመሳፍንቱ እጅ ወደ አንድ ቦታ መሰብሰብ ይፈልጉ ነበር። ሕገ መንግሥት ይጻፍ ተባለ፤ ለበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትም ታዘዘ።

በጅሮንድ የሌላውን አገር ሕግ መረመሩ፤ ከሁሉ ይልቅ በ1881 ዓ.ም. የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ምሳሌ አደረጉ። በዚያ ዘመን የነበሩ ብዙ ምሁራን ጃፓንን እንደ አርአያ ያዩ ነበር፤ ዙፋኗን ሳትጥል ሠልጥናለችና። ረቂቁ ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ በቀረበ ጊዜ ክርክር ተነሣ። ታላላቆቹ በየአገራቸው ያላቸው የዘር ገዥነት በሕጉ እንዲጸናላቸው ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በታላቅ በዓል ተፈረመ፤ በጅሮንድም ቆመው የየምዕራፉን ትርጉም ለተሰበሰበው አስረዱ።

55 አንቀጽ ያለው ሕግ ነው። ምን ይላል? ዙፋኑ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንዳይወጣ ይላል። እንግዲህ ሰገሌና አንቺም ላይ በጦር የተወሰነው ነገር በወረቀት ታሰረ ማለት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ ነው፤ ከፍ ያለው ሥልጣን በእጃቸው ነው ይላል። ሁለት ምክር ቤቶች ይቁሙ፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ፣ ሁለተኛው የሕግ መምሪያ ይባሉ ይላል። የሕግ መወሰኛውን አባሎች ንጉሡ ራሳቸው ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያዎቹንም ሕዝቡ እስኪለምድ ድረስ መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ። ምክር ቤቶቹ በ1924 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ሕዝቡ በቀጥታ እንደራሴ የመረጠው ግን ገና ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ለንጉሡ የተጻፈ አይደለም እንዴ የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ግን ወረድ ብላችሁ ስታዩት ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ማንም ሰው በሕግ ካልሆነ አይያዝም፣ አይታሰርም ይላል። ቤቱ በሕግ ካልሆነ አይበረበርም ይላል። ሰው በተቋቋመ ፍርድ ቤት የመዳኘት መብት አለው ይላል። መጨረሻ ላይ፣ በ55ኛው አንቀጽ፣ የመንግሥት ገንዘብ በየዓመቱ በሚወሰነው በጀት መሠረት ካልሆነ አይወጣም ይላል። ይህን የመጨረሻውን በተለይ ተመልከቱት። ረቂቁን የጻፉት ሰው በዚያን ጊዜ የአገሩ ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ግምጃ ቤቱ የማን ኪስ እንደሆነ ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እንዲህ ያሉትን አንቀጾች ስናይ፣ በጅሮንድ ጠቅላላውን ለመዝለል እንዳልፈለጉ እንረዳለን። ከላይ ንጉሡ የሚፈልጉትን ጻፉ፤ ከታች ደግሞ አንድ ቀን የሚበቅል ዘር ጣሉ።

ይሁን እንጂ አለበለዚያ እንዳይመስላችሁ፤ ዘሩ ላይ ድንጋይ ተጭኖበት ነበር። መብቱ ሁሉ ሕግ እስከፈቀደው ድረስ የሚል ገደብ አለበት፤ ሕጉን የሚያጸድቁት ደግሞ ንጉሡ ናቸው። ንጉሡ ሕጉን ቢተላለፉ ማን ይጠይቃቸዋል የሚለው ጥያቄ አልተጻፈም። እናታችን ከኋላ ተነሥተው የጠየቁን ጥያቄ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በጅሮንድ ወደ አውሮፓ ተልከው በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆኑ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ጠብ ተነሣ፤ ጣሊያን ሰበብ አገኘ። በጅሮንድ የአገራቸውን ጉዳይ ይዘው በዓለም ሸንጎ ፊት ቆሙ። ያን ጊዜ ነው በእውነት ጠበቃ የሆኑት፤ ደንበኛቸው አገራቸው፣ ተከሳሹ ሙሶሊኒ። አጠገባቸው ጋስቶን ዤዝ የሚባሉ የፓሪስ የሕግ ፕሮፌሰር ቆመው ይሟገቱ ነበር፤ እኚህም ፈረንሳዊ ለኢትዮጵያ በመቆማቸው በገዛ አገራቸው በተማሪዎች ብዙ ተንገላተዋል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወረረን። ማኅበሩም በቀናት ውስጥ ጥፋተኛው ጣሊያን ነው ብሎ ፈረደ። ተፈረደልን፤ ግን ፍርዱን የሚያስፈጽም አልተገኘም። ቅጣት ተብሎ የተጣለው ነዳጅ ዘይትን እንኳ አልነካም። ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመስል በጅሮንድ በዓይናቸው አዩ።

ከማይጨው ሽንፈት በኋላ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ውጭ ሄዱ። በጅሮንድ ይህን ተቃወሙ፤ ንጉሡ በአገራቸው ሆነው መዋጋት አለባቸው የሚል ነበር አቋማቸው። ንጉሡ በበኩላቸው ጉዳዩን ጄኔቭ ድረስ ይዘው መሟገታቸው ይታወቃል፤ ማን ልክ ነበር የሚለውን ክርክር ለታሪክ ሰዎች እንተወው። እኛን የሚገርመን ሌላ ነው። የንጉሡን ሥልጣን በብዕራቸው ከፍ አድርገው የጻፉት ሰው፣ ቀኑ ሲመጣ በንጉሡ ፊት አይሆንም ማለት ቻሉ። በሕጉ ውስጥ ያልጻፉትን በአንደበታቸው ተናገሩት።

ዋጋም ከፈሉበት። በጅቡቲና በኤደን በኩል ተሰደው ብዙ ዓመት በማዳጋስካር ኖሩ። አገር በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ሌሎች ስደተኞች ሲገቡ እሳቸው ገና አልገቡም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመለሱም ሹመት ይዘው አልታዩም፤ በጨርጨር በሂርና እርሻቸውን ይዘው ተቀመጡ። በወጣትነት የተማሩት እርሻ በሽምግልና ጠቀማቸው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ግን አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ ጽፈው በደራሲነት ታወቁ። በጅሮንድም የሕይወታቸውን ታሪክ ጽፈው ትተዋል፤ ከሞቱ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትሟል።

የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በ1948 ዓ.ም. ተሻሻለ። ንጉሡን የሚጠይቅ ግን አሁንም አልተጻፈም። የዚህ ነገር ዕዳ በማን ላይ እንደወደቀ ለሲሪንቃ ሰው መንገር አያስፈልግም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወጣው በዚሁ በአስፋልታችን ዳር ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። ያን ጊዜ በአገሪቱ ሁለት ምክር ቤት ነበረ፤ ሕገ መንግሥት ነበረ፤ በጀትም ነበረ። ረኃቡ ግን ተሸፈነ፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለዓለም እስኪያሳየው ድረስ በይፋ አልተወራለትም። ከአባላችን አዛውንቶች እንደሚያስታውሱት፣ ጥሩምባ ሳይነፋለት፣ ንፍሮ ሳይቀቀልለት፣ ቅሬ ሳያወጣው የተቀበረ ወገን ብዙ ነው። ቅሬው ራሱ አልቆ ማን ማንን ያውጣ! ወሎ ተራበ ብሎ ሹሙን በሕግ የሚጠይቅ አካል ቢኖር ኖሮ ሁሉም ይተርፍ ነበር አንልም፤ ግን ያን ያህል ጊዜ ተሸፍኖ አይቆይም ነበር።

በ1967 ዓ.ም. መባቻ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሡ ወረዱ፤ ሕገ መንግሥቱም ታገደ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ይህን ሁሉ በሕይወት ሆነው አዩ። የጻፉት ሕግ ሲወለድም ሲቀበርም ነበሩ ማለት ነው። በ1969 ዓ.ም.፣ 90 ዓመት አልፏቸው፣ አረፉ። ከሳቸው በኋላ በ1980 እና በ1987 ዓ.ም. ሌሎች ሕገ መንግሥቶች ወጥተዋል። ጥያቄው ግን ያው አንድ ነው፤ ሕጉ ሹሙንም ይይዛል ወይ የሚል።

እኛ በበጅሮንድ ለመፍረድ አልተነሣንም። አንድ ሰው በዘመኑ ከዚያ በላይ ይችል ነበር ወይ ብንባል መልስ የለንም። የዝናር ድምፅ ባልራቀበት አገር፣ ገዥ በሕግ ይመራ የሚለውን ቃል በወረቀት ማስፈር ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው። ከሳቸው ሕይወት የተማርነው ግን ይህ ነው፤ ደንብ ጻፊ በይሉኝታ የዘለለውን አንቀጽ፣ ኋላ የሚከፍለው ደካማው ነው።

በመጨረሻ የኛን ነገር እንጨርስ። ረቂቁን መልሰን ወስደን አንድ አንቀጽ ጨመርንበት። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ከቀብር ከቀሩ እንደ ማንኛውም አባል ይቀጣሉ፤ ቅጣቱንም የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ነው የሚል። ዳኛችን ሲነበብላቸው ሳቅ ብለው እጃቸውን ቀድመው አወጡ። ከወር በኋላም አንድ ቀብር ላይ አርፍደው መጡና ሳይጠየቁ ቅጣታቸውን ከፈሉ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ በመዝገባችን ላይ ግን በስማቸው ሰፍሯል፤ የፈለገ አባል መጥቶ ሊያየው ይችላል።

የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውንም አንድነታችንን ያጽናልን። ለከርሞ በደኅና ያገናኘን።